ከነነውሯ የተሸጠችው ኤንትሬ

ከጎጃም ስመለስ ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጢስ ዓባይ ነው። አላየሁትም። የጣናን ገዳማትም አልተሳለምኩም። እኔ ያየሁት አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና፣ አንድ የከብት ገበያና አንድ ቃል ነው። በዚያ ቃል የተነሣ አንድ ሰው ኑሮውን ሊያጣ ነበር። ወደዚያ አገር መቼም ለማትሄዱ የድሬና የአዲስ አበባ ወዳጆቼ እንደሆነው ላውጋችሁ።

የምሠራው በጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር፣ አቤቱታ ክፍል ውስጥ ነው። ከሚመጡልን አቤቱታዎች የሚበዛው አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው ከአበዳሪ መሥሪያ ቤት ተበድሮ መኪና ይገዛል። ብድሩ እስኪያልቅ መኪናዋ መያዣ ናት፤ ሊብሬዋም እዚያው ተቆልፎበት ይቀመጣል። ሰውየው ግን ብድሩን ሳይጨርስ መኪናዋን ለሌላ ይሸጥና ገንዘቡን ይዞ ዝም ይላል። አበዳሪው ክፍያ ሲቀርበት መኪናዋን ከተገኘችበት ጎትቶ ይወስዳል። ገዢው ገንዘቡም መኪናውም ሄደ ማለት ነው። ማኅበራችን የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነበር፤ ዕዳ ያለባት መኪና በሯ ላይ ምልክት ይቀባባት፣ ገዢ አይቶ ይወቅ። አበዳሪዎቹ ደብዳቤያችንን ተቀብለው ማኅተም ይመቱበታል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም።

በጥቅምት መገባደጃ ከቡሬ አቶ እንየው ከሚባል የበርበሬ ነጋዴ አቤቱታ መጣ። ገበየሁ ከሚባል ሰው የገዛት ኤንትሬ የጭነት መኪና በመጪው ቅዳሜ ልትወሰድበት ነው። አለቃዬ አየኝና፣ "ትርሲት፣ አንቺ አፍ አለሽ፤ ሂጂ" አለኝ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ሳይነጋ ነው። ሾፌራችን ተካልኝ ከሰው ይልቅ ከማኅበሩ ላንድሮቨር ጋር ማውራት የሚወድ ሰው ነው። "አይዞሽ፣ ትደርሻለሽ" ሲል እኔን መስሎኝ ስንቴ "እሺ" አልኩት። ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ የይለፍ ወረቀቴን እያገላበጠ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ምላሴ አያርፍ፣ "ስለ መኪና ሌባ" አልኩት። ከዚያማ የላንድሮቨሯን የሞተር ቁጥር ሳይቀር አስፈትሾ፣ ፀሐይ ወጥታ ከሞቀን በኋላ ለቀቀን። ተካልኝ እስከ ጎሐ ጽዮን አላናገረኝም።

ከሐረር ወደ ድሬ የሚወርደው ደንገጎ ትልቅ ቁልቁለት ይመስለኝ ነበር። ዓባይ በረሃን ካየሁ ወዲህ ደንገጎን ደረጃ እለዋለሁ። ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ሹራቤን አውልቄ እንደ ልቤ ተነፈስኩ፤ ድሬ የገባሁ መሰለኝ። ደስታዬ አቀበቱን እስክንጨርስ ነው። ደጀን ላይ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ያለኝን ሁሉ ደራረብኩ። ያደርንበት ቤት ባለቤት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምታ የራሷን ጋቢ አመጣችልኝ። "እርስዎስ?" ብላት፣ እሷ እዚያው ተወልዳ እንዳደገች፣ ብርዱም እንደሚያውቃት ነገረችኝ።

ማክሰኞ

ተምጫን ተሻግረን ደምበጫን እንዳለፍን የራዲያተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። ላንድሮቨሯ እንደ ማሰሮ ፈላች። ድሬ ቢሆን መንገዱ ዳር መለዋወጫ የሚሸጥ አይጠፋም፤ እዚህ ያለው ጤፍና ሰማይ ብቻ ነው። አንድ ገበሬ እርሻውን ትቶ መጣና ሞተሩን ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄዶ የበሬ ቆዳ ጠፍር ይዞ ተመለሰ። ተካልኝ ጠፍሩን በውኃ አርሶ አጠበቀው፤ ሲደርቅ ከረረ። ሚስትየዋ ደግሞ፣ መንገደኛ ባዶ ሆዱን አይሄድም ብላ ትኩስ ድንችና አዋዜ አቀረበችልን። ገንዘብ ላውጣ ብል ሁለቱም እንደ ስድብ ቆጠሩት። በጠፍር እየተነዳን ፍኖተ ሰላም ገባን።

እዚያ የአበዳሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጓድ መላኩ ጨዋ ሰው ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። የጠየቅኩትን ግን ሁሉ ከለከለኝ። መኪናዋ መያዣ ናት፣ ቅዳሜ ሄጄ አመጣታለሁ፣ ሕጉ ይህ ነው አለ። በር ላይ ስለሚቀባው ምልክት ሳነሣበት ፊቱን አኮሳተረ። "ዕዳ እኮ የሰው ገመና ነው። ገመና በር ላይ አይጻፍም" አለኝ። ግቢያቸው ውስጥ እንዲህ ተጎትተው የመጡ መኪናዎች ቆመዋል፤ በአንዷ ጎማ ሥር ሣር በቅሎ ፍየል ይግጠዋል። በመስኮት አሳየሁት። እሱም መጋረጃውን ሳብ አደረገ።

ያደርንበት ሆቴል ንጹሕ ነበር። ባለቤቱ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጠይም መልከ መልካም ሰው፣ ለእግሬ ሙቅ ውኃ አስቀረበልኝ፤ ላንድሮቨሯንም ዘበኛ አቆመላት። ጎጃሞች እንግዳ ያከብራሉ የሚባለው እውነት ነው እያልኩ ተኛሁ።

ረቡዕ

ቁርሴን በልቼ ሒሳብ ስጠይቅ ያው ጠይም ሰው መጣና እጅ ነሣኝ።

"ሒሳብ የለብዎትም እመት ትርሲት። ገበየሁ እባላለሁ።"

መኪናዋን በዕዳ ገዝቶ ለእንየው የሸጠለት ሰው ራሱ ነው! የመጣሁበትን ጉዳይ ከትናንት ጀምሮ ያውቃል፤ የአልጋዬን አንሶላ ያስነጠፈውም አውቆ ነው። ሳይደነግጥ ከፊቴ ተቀመጠና ምንም እንዳልደበቀ አስረዳኝ። "ከነነውሯ ነው የሸጥሁለት። እማኝ ባለበት እሺ ብሎ ወስዷል። ይጠይቁት፤ እንየው ቃሉን አይክድም" አለ። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ። የሌባን እንጀራ በነፃ በላች እንዳልባል የሙቅ ውኃውንም ጭምር ከፈልኩ።

እንየው ዕለቱን ማንኩሳ ገበያ እንደሚውል ሰምቼ፣ ተካልኝ ቺንጋ ሲፈልግ እኔ በሰው መኪና ተሳፍሬ ማንኩሳ ደረስኩ። ገበያው በበርበሬ ቀልቷል። እንየውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ "አያ እንየው" ያልኩት ሰው ሁሉ ወደ አንዲት ሰማያዊ ኤንትሬ ጠቆመኝ። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ፣ ወላጆቹ ከአዊ የመጡ ሰው ነው። ጆንያ እያስጫነ ነበርና እኔንም ጋቢና አስገብቶ ወደ ቡሬ ይዞኝ ሄደ።

መንገድ ላይ ነገሩን በሙሉ ነገረኝ። ዕድሜውን ሙሉ በአህያ የነገደ ሰው ነው። ኤንትሬዋን የገዛት በሬዎቹንና የእናቱን ላሞች ሸጦ ነው። ገበየሁ ሊብሬዋ እስኪታደስ ፍኖተ ሰላም መቀመጡን ነግሮት አመነው። ሲገበያዩ እንደ አገሩ ወግ ነውሯን ጠየቀ። ነውር ማለት እዚያ አገር በሚሸጥ ከብት ላይ ያለ ጉድለት ነው፤ መዋጋት፣ መራገጥ፣ አጥር መጣስ። ገበየሁ "ከነነውሯ ናት" አለ፤ እንየውም ፍሬኗ እንደሚደክም ሞክሮ ስላወቀ "ከነነውሯ ወሰድሁ" አለ። ነውሯ ፍሬኗ መሰለው። ገበየሁ በሆዱ የያዘው ዕዳውን ነበር። ነገሩን ቅዳሜ የቡሬ የፍርድ ሸንጎ ያየዋል።

"ታዲያ ዕዳውን እንዳልነገረህ ለሸንጎው አስረዳ፤ ያን ቃል ደግሞ አታንሣው" አልኩት።

"ቃሉን ብያለሁ እትዬ። ከነነውሯ ያለ ሰው አይመለስም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።"

ተናደድኩ፤ በሰውየውም በተረቱም። ልመልስለት አፌን ስከፍት ግን ከጆንያዎቹ የሚተነው በርበሬ ገባብኝ። ከዚያ እስከ ቡሬ ማስነጠስና ማልቀስ ብቻ ሆነ። ከመኪናዋ ስወርድ ዓይኔ ቀልቶ፣ አፍንጫዬ አብጦ፣ ነጠላዬ በእንባ ርሶ ነበር። የእንየው ሚስት ይታክቱ ይህን አይታ ደረቷን ያዘች፤ የጎረቤት ሴቶችም መጥተው ከበቡኝ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ማን ነው የሞተብሽ?" ይሉኛል። በርበሬ ነው ለማለት ስሞክር ድምፄ ይቆረጣል፤ እነሱም ይበልጥ ያለቅሳሉ። እንየው ጆንያ አራግፎ ሲመለስ ነው የተገላገልኩት። ሴቶቹ የሳቁት ሳቅ እስካሁን በጆሮዬ አለ።

ሐሙስ

የእንየው ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ውስጥ ነው። እናቱ ለልጃቸው በአገውኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ያወራሉ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ። ባዶውን በረት አሳዩኝ። ላሞቼ እዚያች ሰማያዊ ውስጥ አሉ አሉኝ፤ ማታ ማታ ኤንትሬዋን "ገባች ወይ?" ብለው እንደሚጠይቁ ይታክቱ ነገረችኝ። እርጎና ማር አቀረቡልኝ። እርጎው የጎረቤት ላም ነው። ለምን እንደመጣሁ ያን ቀን ይበልጥ ገባኝ፤ ሰውየው መኪና ብቻ አይደለም የሚያጣው።

ከሰዓት በኋላ አባ ጥሩነህ ዘንድ ወሰዱኝ። ድሮም የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን ደግሞ የፍርድ ሸንጎው ሊቀ መንበር አድርገው መርጠዋቸዋል። ቅዳሜ ነገሩን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። እኛ ድሬዎች ትንሽ ትልቁን አንተ ነው የምንለው፤ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖሬ እንኳ በተጣደፍኩ ቁጥር ያመልጠኛል። ተጣድፌ ነበር። "አንተ ካልፈረድክለት ማን ይፈርድለታል?" ብዬ ጨረስኩ።

ይታክቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ረጋ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ እኔን አንተ የምትለኝ እናቴ ነበረች። ካረፈች ቆየች። ዛሬ ድምጿን አሰማሽኝ።"

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን የምር ደስ ብሏቸው ነበር፤ ጠላ አስቀዱልኝ፣ ከጎናቸውም አስቀመጡኝ። ስለ ጉዳዩ ሲናገሩ ብቻ ፊታቸው ከበደ። ከነነውሯ የሚለው ቃል የገበያው ምሰሶ ነው፤ እሱን ከነቀልሁ ነገ በሬ የገዛ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሊመልስ ይመጣብኛል አሉኝ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው አበሸቀኝ።

ዓርብ

የቡሬን የመኪና ባለንብረቶች ሰብስቤ ተናገርኩ። ስለ መያዣ፣ ስለ ሊብሬ፣ በር ላይ ስለሚቀባው ምልክት፣ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። እነሱም በየመሐሉ "እውነት ነው" ይላሉ። ስጨርስ አመሰገኑኝና ተበተኑ። አንዱ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ንግግሬ ቆንጆ እንደሆነ፣ ነገር ግን ገበየሁ ሰው የማይጠላው ሰው መሆኑን በለሆሳስ ነገረኝ። እዚሁ ቡሬ የእህል ወፍጮ አለው፤ ችግረኛ ሲመጣበት በዱቤ ይፈጭለታል። ድሬ ላይ ቢሆን ይህን ጊዜ ስብሰባው በጩኸት ይናጋ ነበር፤ ጩኸቱ ናፈቀኝ። ማታ ሽሮዬን በልቼ ሳልጫወት ተኛሁ።

ቅዳሜ

ሸንጎው የሚቀመጠው ከገበያ በኋላ፣ ከከብት ተራው ጥግ ባለው ዋርካ ሥር ነው። እስከዚያ ይታክቱ ገበያ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ልቤ እንኳን ገበያ ማየት ራሷንም ማየት አልፈለገችም፤ ዝም ብዬ ተከተልኳት።

ከብት ተራ ውስጥ አንድ ሰው አንዲት ጊደር ይገዛል። ጥርሷን አየ፣ ጅራቷን ሳበ፣ ከዚያ "ነውሯስ?" አለ። ሻጩ ጊደሯ አጥር እንደምትጥስ ተናገረ። "ከነነውሯ ወሰድሁ" አለ ገዢው። አለቀ ብዬ ልሄድ ስል ገዢው ገመዱን ሳይቀበል እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንደ ቆመ ነው።

"ዋሷስ?" አለ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ወጥተው፣ ጊደሯ በሻጩ ቤት የተወለደች መሆኗን አውቃለሁ፣ ሌላ ባለቤት ቢመጣባት እኔን ጠይቁ አሉ። ገመዱ ያኔ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሄደው።

ይታክቱን ክንዷን ያዝኳት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ? አልኳት። እንዴታ፣ ነውሯን ሻጩ ይናገራል፣ ባለቤትነቷን ዋሱ፤ አለችኝ እንደ ሞኝ እያየችኝ። ታዲያ ኤንትሬዋን ስትገዙ ዋስ ማን ነበረ? አልኳት። የለም። የከተማ ዕቃ ሊብሬ አላት፣ ዋስ አይጠየቅባትም ብሏቸዋል ገበየሁ። እዚያው ከብቶቹ መሐል ሳቅሁ። በሬዎቹም ሰዎቹም ዞረው አዩኝ።

ሸንጎው ሲቀመጥ ጓድ መላኩ ኤንትሬዋን የሚነዳ ሾፌር ይዞ መጥቷል። ገበየሁ ነጭ ሸሚዙን እንደ ለበሰ ቆሞ ነገሩን ተናገረ፤ እማኞቹም መሰከሩለት። እንየው ተጠየቀ። "ቃሉን ብያለሁ" አለ፤ አንገቱን አልደፋም። ሰዉ አጉረመረመ። ጓድ መላኩም ሰዓቱን አየ።

እንድናገር ፈቀዱልኝ። ይህን ጊዜ አንቱ ማለትን አልረሳሁም።

"አቶ ገበየሁ፣ ከብት ገዝተው ያውቃሉ?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ።"

"ሲገዙ ምን ይጠይቃሉ?"

"ነውሯን።"

"ከዚያስ?"

ገበየሁ ብልህ ሰው ነው፤ ወዴት እንደምነዳው ከሰዉ ሁሉ ቀድሞ ገባው። እኔም አላጣደፍኩትም። ከኋላ አንድ ድምፅ "ዋሷን" አለ፤ ሌላውም ደገመው፤ ከብት ተራው በሙሉ "ዋሷን" ማለት ጀመረ።

"ዕዳና ባለቤት በነውር ውስጥ የሚገቡ ቢሆን ሁለተኛው ጥያቄ ለምን አስፈለገ?" አልኩ። "ነውር በገላዋ ላይ ያለ ነው። የሰው ላም ነውር የላትም፤ ባለቤት ነው ያላት። አያ እንየው ቃሉን ይጠብቅ፤ ነውሯን ወስዷል። ባለቤቷን ግን ማንም አልሸጠለትም።"

አባ ጥሩነህ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና ወደ ገበየሁ ዞሩ።

"የመኪናዋን ነውር ሸጥህ ልጄ። የራስህን ነውር ግን ገዢ አላገኘህለትም፤ ይኸው ከነነውርህ ቆመሃል።"

ሰዉ ቅኔውን ሲቀምስ ዋርካው በሳቅ ተናወጠ። ጓድ መላኩ እንኳ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። ግን ሕግ አለ፤ ተነሥቶም ይህንኑ ተናገረ። ገበየሁ ቢያጠፋም መኪናዋ መያዣ ናት፣ ያበደርነው ገንዘብ ደግሞ የሕዝብ ነው አለ። አባ ጥሩነህም አልተከራከሩትም። የተበደረው ሰው ወፍጮ አለው፤ ብረት አቁማችሁ ሣር ከምታበቅሉበት የሚሽከረከረውን ብትይዙ አይሻልም ወይ? ብቻ አሉት። ሣሩን ለሽማግሌው ማን እንደነገራቸው ጓድ መላኩ ወዲያው ገባው፤ በጎን አየኝ።

ገበየሁ ወፍጮዬን አልሰጥም አለ። ያኔ ይታክቱ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች።

"አያ ገበየሁ፣ እስከ ዛሬ የማስፈጨው ከእርስዎ ወፍጮ ነበር። በክፉ ቀን በዱቤ ፈጭተውልኛል፤ አልረሳሁም። ከዛሬ ጀምሮ ግን በእጄ እፈጫለሁ።"

ተቀመጠች። ከጎኗ ያለችው ሴት ተነሥታ "እኔም" አለች። ቀጥላ ሌላዋ። የድንጋይ ወፍጮ እጅን እንዴት እንደሚልጥ የሚያውቁ ሴቶች ናቸው፤ እያወቁ ነው የተነሡት። እንባዬ መጣ፤ አሁን ደግሞ በርበሬ አልነበረም። ገበየሁ የተነሡትን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ አያቸው። ወፍጮ ያለ እህል ምን ያደርግለታል? በመጨረሻ ነጭ ሸሚዙን አስተካከለና ወፍጮው ይያዝ አለ።

ጓድ መላኩ መያዣ ለመለወጥ ደብረ ማርቆስ ያሉትን አለቆቹን ማስፈቀድ ነበረበት። ሾፌሩን መለሰ፤ ኤንትሬዋ እስከ ሰኞ በእንየው ግቢ ትቁም ተባለ።

እሑድ

ቀኑ እንደ ኤሊ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ሳምን፣ በየቤቱ ተጋበዝን። ተካልኝ አዲስ ቺንጋ አስገጥሞ ከፍኖተ ሰላም መጣ፤ የበሬውን ጠፍር ግን አልጣለውም፣ ላንድሮቨሯ ስለወደደችው ነው አለኝ። እናትየዋ ማታ "ገባች ወይ?" ሲሉ ሰማሁ። እንየውም በአገውኛ መለሰላቸው። ምን እንዳለ አልጠየቅኩም።

ሰኞ

ከብት ተራው ሰኞ ባዶ ሜዳ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ግን ሰው እየመጣ ዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ የዓርቡ ስብሰባ ላይ ዝም ያሉኝ ባለመኪናዎችም ሳይቀሩ መጡ። ጓድ መላኩ ሲደርስ ከመኪናው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ፊቱ ምንም አይናገርም።

ወፍጮው በመኪናዋ ፋንታ እንዲያዝ ተፈቅዷል አለ። ይታክቱ እልል ልትል ስትል እጁን አነሣ፤ ገና አልጨረሰም። በእሱ ቅርንጫፍ ከእንግዲህ በብድር የምትወጣ መኪና ሁሉ በሯ ላይ ነጭ ምልክት ይቀባባታል፤ ብድሩ ሲያልቅ ይፋቅላታል። አለቆቹ እስኪያዩት እዚህ ይሞከር ብለውታል። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ገመና ያልሁት ዕዳውን ነበር፤ ለካስ ገመናው ዝምታችን ኖሯል" አለኝ። ያ ሁሉ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤያችን በዓይኔ መጣ። መዝለል አምሮኝ ነበር፤ የአቤቱታ ክፍል ሠራተኛ ሜዳ ላይ አትዘልም ብዬ ራሴን ያዝኩ። ተካልኝ ግን ዘለለ።

አባ ጥሩነህ መኪናዋ በወጉ ትሸጥ አሉ። በተንኮል የተሸጠች ነገር በቅን ቃል ካልታደሰች አትባረክም። ኤንትሬዋ ወደ ሜዳው መጣች፤ ገበየሁ ቁልፉን እንደ ገመድ ይዞ ከፊቷ ቆመ። እንየው ከቤት እናቱን ደግፎ አምጥቶ አጠገቡ አቆማቸው።

"ነውሯስ?" አሉ አባ ጥሩነህ።

ገበየሁ ቀና ብሎ፣ "ፍሬኗ ይደክማል። ሌላ ነውር የለባትም" አለ። አንድ ጊዜ እውነቱን ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ከነነውሯ ወሰድሁ" አለ እንየው፤ እጁን ግን ለቁልፉ አልዘረጋም።

"ዋሷስ?"

ይህን የጠየቀው እንየው ራሱ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ስለ መኪና ዋስ ሆኖ የሚያውቅ ማን አለ? እንየው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠበቀ። ጓድ መላኩ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከሰዉ መሐል ወጥቶ በኤንትሬዋና በእንየው እናት መካከል ቆመ።

"እኔ ነኝ" አለ።